ወደ ምሥራቅ አልዞር ያለው አንቴና

ባለፈው ወር ጆሮዬን ልታይ ዓይደር አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ያስገደዱኝ ልጆቼ ናቸው። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍ አድርጌ እንደምከፍት፣ ሲጠሩኝም በሦስተኛው ካልሆነ አቤት እንደማልል በነገሩኝ ቁጥር "እናንተ ናችሁ ቃል እየዋጣችሁ የምታወሩት" እያልኩ አንድ ዓመት ገፋሁት። በመጨረሻ ባጃጅ ጠርተው እንደ ጤፍ ጆንያ ጭነው ወሰዱኝ።

መርማሪዋ ወጣት ናት። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ጭንቅላቴ ላይ ደፍታ፣ "አደይ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህቺን ቁልፍ ይጫኑ። በጣም ቀጭን ቢሆንም ይጫኑ" አለችኝ፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ወፍራም ነበር፤ ጫንኩ። ቀጥሎ ቀጠነ፤ ጫንኩ። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና የቱ ጋ እንዳለቀ፣ የቱ ጋ ደግሞ እኔ በምኞቴ መስማት እንደጀመርኩ መለየት አቃተኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ እንባዬ መጣ። ልጅቷ በመስታወቱ አይታኝ ደንግጣ ገባች። "አመመዎት?" ስትለኝ፣ "አይ፣ የድሮ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ያንን ሰው ግን አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ ተመድቤ መቀሌ የመጣሁት ዓዲ ሓቂ በኩል በነበረች አነስተኛ የሙያ ማሠልጠኛ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ላስተምር ነው። ከተማዋ እንደ ዛሬው አልተንጣለለችም። ወደ ሮማናት አደባባይ ለመውረድ ግማሹ መንገድ አቧራ፣ ግማሹ ድንጋይ ነበር። የደሴን ጭጋግ የለመደ ዓይኔ የመቀሌ ብርሃን በዛበትና የመጀመሪያዎቹን ወራት ተጨናብሼ ነው ያሳለፍኩት። ትግርኛ አልችልም። ጠዋት "ከመይ ሓዲርኪ" ብለው የጀመሩኝ ሰዎች መልሱን ሳልጨርስ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ጥያቄ ይደረድሩብኛል፤ እኔ ለሁሉም አንድ "እግዚአብሔር ይመስገን" ወርውሬ ወደ ክፍሌ እሮጣለሁ።

የማልሮጠው ከአቦይ ኪዳነ ብቻ ነበር። አቦይ ኪዳነ የወርክሾፑ ኃላፊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። አማርኛቸው የሠራዊት ቤት አማርኛ ነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ። ሲናደዱ ወይም ሲራሩ ግን ሳይታወቃቸው ወደ ትግርኛ ይሻገራሉ። እኔን "ጓለይ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ይሁን አላውቅም፣ ያቺ ቃል አንጀቴን ትበላው ነበር።

አማተር ሬዲዮ የሚባለውን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለዜናም ለንግድም ሳይሆን፣ እንዲሁ ለመነጋገር ብለው ከዓለም ዳር እስከ ዳር በሬዲዮ የሚጠራሩበት ነገር ነው። ማሠልጠኛው ፈቃዱም፣ በስጦታ የመጣ አሮጌ ሬዲዮም ነበረው። ከወርክሾፑ ጀርባ ደግሞ የብየዳ መምህሩ ሓፍቶም የሠራው የብረት ማማ ቆሟል፤ ቁመቱ ከአምስት ፎቅ አያንስም። ጫፉ ላይ የዓሣ አከርካሪ የሚመስል ትልቅ አንቴና አለ። ይህ አንቴና ፊቱን ያዞረለትን ሰው አጥርቶ ይሰማል፤ በጎኑ ለሚመጣ ድምፅ ግን ደንቆሮ ነው። ስለዚህ ከሥሩ፣ እዚያው ማማው ጫፍ ላይ፣ አንድ ሞተር ተገጥሞለታል። ወርክሾፕ ውስጥ ካለች ትንሽ ሳጥን ላይ ቁልፍ ስንጫን አንቴናው ከላይ ቀስ እያለ ይዞራል።

ሞተሩ ፍሬን አለው። ነፋስ አንቴናውን እንዳያሽከረክረው ቆልፎ የሚይዝ ጥርስ ነው። ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ ፍሬኑ "ቋ" ብሎ ይለቃል፣ ከዚያ ሞተሩ ይንቀሳቀሳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መከራችን ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አቦይ ኪዳነ በዚህ ማማ ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ምንም ነገር አይታሰርበትም፣ አይሰጣበትም። ዘበኛው አንድ ቀን ጋቢውን አጥቦ እግሩ ላይ ሲያሰጣ አግኝተውት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሉትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንቴናውን ወደ ምሥራቅ እናዞርና ሽገሩን እንጠብቃለን። ሽገሩ ጃፓን ውስጥ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። አቦይ ኪዳነን በአገሩ የአክብሮት አጠራር "ኪዳነ-ሳን" ይላቸዋል። እኛ ጋ ዘጠኝ ሲሆን እሱ ጋ መሽቷል፤ እራቱን በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ ነው የሚቀመጠው። የሱም የአቦይ ኪዳነም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በጣም ይግባቡ ነበር። የሚያወሩት ምንም አይደለም። ጉልበት፣ ዝናብ፣ ምን በላህ ምን በላሁ። አቦይ ኪዳነ አንዴ ሽሮ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅተው፣ ሽገሩ በመጨረሻ "ገብቶኛል፣ ሾርባ ነው" ሲላቸው በስጨት ብለው ማይኩን አስቀመጡት። እንዲህ እያሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለሌላ ሰው የማይነግሩትን የጉልበታቸውን ሕመም ለሽገሩ ሲነግሩት እሰማ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል ሽገሩ አንድ ቅዳሜ ድምፁ ልዩ ሆኖ መጣ። ቤቱ ተሸጧል። ከተማ ውስጥ ልጁ ጋ ሊገባ ነው፤ እዚያ ፎቅ ላይ አንቴና መትከል አይፈቀድም። ሬዲዮውን ለመጨረሻ ጊዜ የሚከፍተው በዚህ ቀን ነው ብሎ ቀኑን ነገራቸው። አቦይ ኪዳነ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው አሰሉት፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ቅዳሜ ሆነ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ። "አዲሱን አድራሻዬን ገና አላወቅሁም። ያን ቀን እሰጥሃለሁ፣ በደብዳቤ እንቀጥላለን" አላቸው ሽገሩ። እስከዚያ ድረስ ሬዲዮውን በካርቶን ስለሚያሽገው፣ በመሃል አንነጋገርም።

አቦይ ኪዳነ ቀኑን በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። "አራት ዓመት ያወራሁትን ሰው ሜዳ ላይ አልጥልም" አሉኝ።

አሁን ወደ ቅርጫው ልምጣ። ለፋሲካ የማሠልጠኛው ሠራተኞች ተሰባስበን በሬ እንጥላለን። አስተባባሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስለ በሬ ዐውቄ እንዳይመስላችሁ። የቀደመው ዓመት ላይ ምላሱ ለማን ይድረስ በሚል ሁለት መምህራን ተኳርፈው ስለነበር፣ "ወሎዬዋ ለማንም አታዳላም" ተብዬ ነው። ኩራት ተሰማኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው አድርጎ የቆጠረኝ ሥራ ይህ ነበር።

በሬው የመጣው የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ሰው የለም፤ ዘበኛው ለበዓሉ አገሩ ገብቷል፣ ሌላው ሁሉ ለስግደት ሄዷል። በሬውን የነዳው ሰውዬም ስግደቱ እንዳያልፈው ቸኩሎ ገመዱን እጄ ላይ ጣለልኝና ሄደ። እኔና በሬው ተፋጠጥን። ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች ገና ችግኝ ናቸው፤ አጥሩ የቆርቆሮ ነው። በሬ ሊይዝ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ የማማው እግር። ሕጉን ረስቼው አይደለም። አንድ ሌሊት ነው፣ ማን ያያል ብዬ ነው። ጥብቅ አድርጌ አሰርኩትና ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ስግደቱ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ በሬው ማማውን ሲዞር አድሯል። ገመዱ ከማማው እግር ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ወርዶ ወደ ወርክሾፑ ከሚገባው ኬብል ጋርም ተጠቅልሎ፣ ኬብሉ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። ገመዱን በቢላዋ ቆርጬ በሬውን ከበሩ ምሰሶ ጋር ወስጄ አሰርኩ። ኬብሉን ዳሰስኩት። ልባሱ አልተላጠም፣ አልተቆረጠም። ደህና ነው አልኩ። የላላውን መልሼ አስተካክዬ በፕላስተር አሰርኩ፣ እበቱን ጠረግሁ፣ እጄን ታጠብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ቅርጫው ያለ አንድ ኩርፊያ ተከፋፈለ፣ ምስጋናውም ጎረፈልኝ።

ማክሰኞ ሥራ ገባን። ሰው ሁሉ ጥጋብ ላይ ነው፤ ሓፍቶም ከሚስቱ የተላከ ዝግኒ፣ ቀይ የሥጋ ወጥ፣ በሳህን ይዞ መጥቶ ብሉልኝ እያለ ያስቸግራል። አቦይ ኪዳነ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ወደ ሳጥኗ ሄዱ፤ ለቅዳሜ አንቴናውን ሊፈትሹ ነው። ከሆሳዕና በፊት ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር አውርተን ስለነበር አንቴናው ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ቆሟል። ቁልፉን ተጫኑ። "ቋ" የሚለው ድምፅ የለም። ላይ ያለው ሞተር አጉረመረመ እንጂ አልዞረም። ደግመው ተጫኑ፤ ያው ነው።

"እንታይ ኮይኑ?" አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "በበዓሉ ለቅርጫው ግቢ ስትገቢ ስትወጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ነፋስ ነበር?"

ዛሬም ድረስ ያቺን ጥያቄ አስታውሳለሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ሓፍቶም አጠገባችን ቆሞ አጥንት ይግጣል። ወሎዬዋ አታዳላም የተባልኩት ሰው፣ ሕጉን ጥሼ በሬ አሰርኩበት ልበል? አፌ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ሆኖ፣ "አዎ፣ ነፋስ ነበር" አልኩ።

"እንግዲያው ጉዳቱ ከላይ፣ ሞተሩ ጋ ነው" አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ዓይናችን ሁሉ ወደ ሰማይ የተሰቀለው።

መጀመሪያ በቴስተር ኬብሉን ለኩት። ቴስተሩ ደህና ነው አለ። ኋላ እንደተረዳነው፣ ውስጥ የተበጠሰው ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ ስለነበር የቴስተሯን ትንሽ ጉልበት ያሳልፋል፤ ፍሬኑን የሚያላቅቀውን ጉልበት ግን አያሳልፍም። እኔም ቴስተሩን ሳይ "ይኸው፣ በሬው ምንም አላደረገም" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው የሚፈልገውን ሲሰማ ብዙ አይጠይቅም።

ሓፍቶም ወገቡን በገመድ አስሮ ወጣ። የሞተሩን ክዳን ፈታ፣ አየ፣ ጠረገ፣ ግራሶ ቀባ። ከላይ ሆኖ "ምንም የለም! እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነው!" ብሎ ጮኸ። አቦይ ኪዳነ ከታች ሆነው አላመኑትም። "ብየዳ ነው የምታውቀው፣ በደንብ እየው" አሉት። ረቡዕ ዕለት እኔ ወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ከታች ቁጭ ብዬ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ነው። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ወጣሁ። አቦይ ኪዳነ "ወደ ታች አትዪ፣ ጓለይ! ብረቱን እይ!" ይሉኛል። ጫፍ ላይ ስደርስ ከተማዋ በሙሉ ታየችኝ፤ የድንጋይ ቤቶቹ፣ ከሩቅ አቧራ እያስነሳ የሚሄድ አውቶቡስ፣ ዙሪያውን ቀይ ተራራ። አንቴናው ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሰጥቶ፣ የሰው ሐሳብ የሌለበት ሆኖ ቆሟል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ያን ጊዜ ጉዳቱ በሬው የጠቀለለው ኬብል ላይ እንደሆነ ዐወቅሁ።

ወርጄ "ምንም የለም" አልኩ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን አሁን የምናገረው አንድ ነገር አልነበረም፣ ሁለት ሆኗል። በሬውም አለ፣ ነፋሱም አለ። ማክሰኞ ያልወጣ ቃል ረቡዕ ላይ እጥፍ ከብዶ ይገኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ ከቅርጫው የደረሰኝን ሥጋ ማየት ስላስጠላኝ ለአከራዬ ሰጠኋት።

ሐሙስ ሳልደርስ ቀደሙኝ። አቦይ ኪዳነ ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው፣ "ፍሬኑ ዝጎ ይሆናል። አጥብቀን ብንይዘው በግድ ይላቀቃል" ብለው ቁልፉ ላይ አውራ ጣታቸውን ተክለዋል። ሞተሩ ከማማው ጫፍ እያጉረመረመ ነው። "ይተዉት፣ አቦይ" አልኩ፤ "ለምን?" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ድምፁ እየወፈረ ሄደ፣ ከዚያ እየሰለለ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ሓፍቶም ከውጭ "ይብቃ! ጭስ አየሁ!" እያለ ገባ። አቦይ ኪዳነ ጣታቸውን አነሱና እጃቸውን ተመለከቱት፤ ጥፋተኛው እጃቸው የሆነ ይመስል።

ዓርብ ጠዋት ነገርኳቸው። ወርክሾፑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሬውን፣ ገመዱን፣ ኬብሉን፣ ነፋስ ነበር ያልኩትን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። አልጮኹብኝም። ፒንሳቸውን ይዘው ወጡና ያሳየኋቸውን ቦታ ልባሱን ላጡት። የፍሬኑ ሽቦ ልክ እዚያ ጋ ተበጥሷል። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አቦይ ኪዳነ ተንበርክከው የሽቦውን ሁለት ጫፎች በጣታቸው ነካኩ።

"ማክሰኞ ብትነግሪኝ..." ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። ከዚያ በትግርኛ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ፤ አልገባኝም፣ እንዲተረጉሙልኝም አልጠየቅሁም። "በሊ፣ የሽቦ መበየጃውን ካውያ አምጪ" አሉኝ።

ሽቦውን አያያዙት። ቁልፉን ስንጫን ላይ ያለው ፍሬን "ቋ" አለ። ያ ድምፅ ልቤን ሰነጠቀው። ፍሬኑ ለቋል፤ የተቃጠለው ሞተር ግን ተጣብቆ ቀርቷል፣ ከንግዲህ የሚያዞረው የለም። ሓፍቶም ሮማናት አካባቢ ያሉትን የዕቃ መደብሮች ሁሉ አዳረሰ። እንዲህ ያለ ሞተር የሰማ እንኳን የለም። አንዱ ባለ ሱቅ አዝኖለት የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ሰጥቶ ላከው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን አየነው፤ ያን የሚያህል አንቴና የሚያዞር አልነበረም።

ቅዳሜ አንድ መንገድ ብቻ ቀረን። አንቴናው የተቀመጠበት ቧንቧ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ቡሎኖቹ ቢላሉ ቧንቧውን በእጅ ማዞር ይቻላል። ሓፍቶም ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ማማው ላይ ነው። ሁለቱን ፈታ። ሦስተኛው ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ የመቀሌ የከሰዓት ነፋስ ተነሣ፤ ያንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮና አቧራ አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ማማው መወዛወዝ ጀመረ። በሁለት ቡሎን ብቻ የተያዘው አንቴና ግራና ቀኝ እየተናጠ ነው፤ ቢያመልጥ ሰውዬውን ጠርጎት ይወርዳል። ማክሰኞ ዋሽቼ የጠራሁት ነፋስ አሁን በእውነት መጣ ብዬ አሰብኩ።

"ትንሽ ቀረኝ!" ይላል ሓፍቶም ከላይ።

አቦይ ኪዳነ ሰዓታቸውን አዩ፣ ማማውን አዩ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። "ያሉትን መልሰህ አጥብቅና ውረድ!" አሉት።

"አቦይ፣ ትንሽ ብቻ!"

"ውረድ ብዬሃለሁ! ለወሬ ተብሎ ሰው አይሞትም!"

ወረደ። እጁ ደም በደም ሆኖ ነበር። "ይቅር በሉኝ" ሲላቸው አቦይ ኪዳነ ራሱን ሳሙት። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

ያለንን ተራ ሽቦ ከማማው ወገብ እስከ ጣሪያው ዘርግተን ከሬዲዮው ጋር አያያዝን። ከምንም ይሻላል ብለን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቦይ ኪዳነ ማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለራሳቸው፣ ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እርሳስና ወረቀት ያዝን። ፉጨትና ዝናብ የሚመስል ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ መጣ።

"መቀሌ፣ መቀሌ። ኪዳነ-ሳን። ትሰማኛለህ?"

አቦይ ኪዳነ ማይኩን ጨበጡ። "ሽገሩ፣ እሰማሃለሁ! ድምፅህ ደካማ ነው፣ ግን እሰማሃለሁ!"

ዝምታ። ከዚያ እንደገና፣ "መቀሌ፣ ትሰማኛለህ?"

እሱ ጋ ትልቅ አንቴና፣ ጠንካራ ሬዲዮ ስላለው ድምፁ በመጠኑ ይደርሰናል። የኛ አሮጌ ሬዲዮ በዚያች ሽቦ የሚልከው ግን ከተራራው ያለፈም አይመስለኝም። ለሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ጠራን፣ ጠራን። እሱም ጠራ። ሁለት ሰዎች በአንድ በር ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዱ ብቻ የሚሰማበት በር ነበር።

በመጨረሻ ሽገሩ እንዲህ አለ፤ "ኪዳነ-ሳን፣ አልሰማህም። ዛሬ ሰማዩ ጥሩ አይደለም መሰለኝ። ምናልባት አንተ ትሰማኝ ይሆናል። አድራሻዬን እናገራለሁ፣ ጻፍ።" ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። የልጁን ስም መጀመሪያ ያዝን። ከዚያ ድምፁ ሰመጠ። ሲመለስ ቁጥር ላይ ደርሷል፤ ሰባት፣ ቀጥሎ ሦስት ይሁን ስምንት፣ ከዚያ ሹክሹክታ። የከተማዋ ስም ግማሹ መጣ። "ደግሜ እላለሁ" አለ፤ ሲደግመው ሌላ ቦታ ላይ ተዋጠ። አቦይ ኪዳነ ላባቸው ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ "ከቁጥሩ በኋላ ድገምልኝ፣ ሽገሩ፣ ከቁጥሩ በኋላ!" ይላሉ። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትዕግሥት ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ማዳመጫው ላይ ተጭኜ ነበር። የሰማሁት መሰለኝ፣ ጻፍኩ፤ ሳየው የጻፍኩት የራሴ ምኞት ነው።

"ኪዳነ-ሳን፣ ጉልበትህን ጠብቅ። አራት ዓመት አመሰግናለሁ" አለ። የመጨረሻው ቃል በእኛ ቋንቋም በእንግሊዝኛም አልነበረም፤ የራሱ ስንብት ይመስለኛል። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

አቦይ ኪዳነ ማይኩን አላስቀመጡም። በደንቡ መሠረት የሽገሩን የጥሪ ስም ጠሩ፣ የራሳቸውን ጠሩ፣ ሰዓቱን ተናገሩ። "ሰምቼሃለሁ። ሽሮም ሾርባ ነው፣ አንተ እንዳልከው ይሁን። ደህና ሁን ወንድሜ" አሉ። ማንም እንደማይሰማቸው እያወቁ ነው። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጉና ሸሚዛቸውን ነካክተው ወጡ፤ እኔን አላዩኝም።

ካለችን ግማሽ አድራሻ ሁለት ዓይነት አድርገን ሁለት ደብዳቤ ላክን፣ አንዱን በሰባትና ሦስት፣ አንዱን በሰባትና ስምንት። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም ማንበብ የማንችለው ማኅተም ተመትቶባቸው ተመለሱ። ለአሮጌው ቤቱ የላክነው ሦስተኛ ደብዳቤ ደግሞ ጭራሽ አልተመለሰም። አዲስ ሞተር ከዓመት በኋላ መጣ። አቦይ ኪዳነ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንቴናውን ወደ ምሥራቅ ያዞሩት ነበር፤ ጃፓኖች ብዙ ጊዜ ይመጡልን ነበር፣ አንዳቸውም ግን ሽገሩ አልነበሩም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "አቦይ፣ ተቀይመውኛል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና "አልተቀየምኩሽም፣ ጓለይ። ግን አልረሳሁትም" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠበቅሁም፤ ሠርጌ ላይ አባት ሆነው የቆሙልኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እኔ ከመቀሌ ወጥቼ አልሄድኩም። አግብቼ፣ ወልጄ፣ አርጅቼ እዚሁ አለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስልክ ከከተማችን ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ ደሴ ካለችው እህቴ ጋር ሳንነጋገር ከዓመት በላይ ተቀመጥን። መኖሯን አላውቅም፣ መኖሬን አታውቅም። ስልኩ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ደዋይ እሷ ነበረች። ሁለታችንም አልቅሰን ስንጨርስ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁጥሬን ትመታ እንደነበር ነገረችኝ። እንደማይሠራ እያወቀች።

"ዝም ሲልብሽ ምን አልሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። የጠየቅሁት ስለሷ ብቻ አልነበረም።

"ምን እላለሁ? በሕይወት አለች፣ መስመሩ ተቆርጦባት ነው አልኩ እንጂ" አለችኝ።

ሽገሩም እንዲህ ብሎ ይሆናል፤ ሰማዩ ነው ብሎ፣ በኛ ሳያዝን ሬዲዮውን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ልጽናና እሞክራለሁ፣ ለሱ ያህል እጽናናለሁም። ከአቦይ ኪዳነ ጋር ግን መስመራችን አልተቆረጠም ነበር። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመው፣ በጥሩ አማርኛ "ነፋስ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ፤ አጥርቼ ሰምቻቸዋለሁ።